አስፐርገር ያለበት ልጃችሁ በትምህርቱ እንዲገፋ፦ ከመጀመሪያ ክፍል እስከ ሥራ

ልጁ ከእኩዮቹ ቀድሞ ማንበብ ጀምሯል። የአንበሳ አውቶቡስን መስመሮች ከነቁጥራቸው ያውቃል። ሰልፍ ላይ ግን ማይኩ ሲጮኽ ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል። ዕረፍት ላይ ብቻውን ግቢውን ይዞራል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቀኑን ተሳስቶ ከጻፈ፣ እስኪታረም ድረስ አያርፍም። ዓመቱ ሲያልቅ ካርዱ ላይ "ጎበዝ ነው፤ ፀባዩን ያሻሽል" ተብሎ ይጻፍለታል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ልጅ ላላችሁ ወላጆች ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። እነዚህን ልጆች ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። ሌላው ልጅ አይቶ ብቻ የሚለምደው፣ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ደንብ ነው የሚጥላቸው። ያንን ደንብ ንገሩት። ሲሆን ጻፉለት። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

1. መጀመሪያ አስመርምሩ

አስፐርገር የኦቲዝም ዓይነት ነው፤ ኦቲዝም ደግሞ አብሮ የሚወለድ፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአንጎል አሠራር ነው። ስሙ የመጣው በ1944 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ልጆችን በጽሑፍ ከገለጸው የቪየና የሕፃናት ሐኪም ከሃንስ አስፐርገር ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ ስሙን በሰፊው አስተዋወቀች። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለብቻው መጥራቱን ትቶ "ኦቲዝም ስፔክትረም" በሚለው ውስጥ ጠቀለለው። ስለዚህ ዛሬ ልጃችሁን ብታስመረምሩ ወረቀቱ ላይ "ኦቲዝም" የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። አትደንግጡ። ልጁ ትናንት የነበረው ልጅ ነው። ወረቀቱን ደግሞ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ትፈልጉታላችሁ።

እዚህ አገር አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ስለ ኦቲዝም የሚጻፈው ብዙ ጽሑፍ "ሰውን ዓይን ዓይኑን አያይም" የሚለውን ምልክት ያስቀድማል። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲያናግረው አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል። ዝምተኛ ሴት ልጅ ደግሞ ትመሰገናለች። ስለዚህ ምልክቱ ይደበቃል፤ በሴቶች ልጆች ላይማ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። እናንተ ሌሎቹን ተመልከቱ። በአንድ ጉዳይ ላይ ያለማቋረጥ ያወራል? የሰማውን ሁሉ ቃል በቃል ይወስዳል? የለመደው መንገድ ሲቀየር ይረበሻል? ድምፅ፣ የሹራብ ክር፣ የአንድ ምግብ ልስላሴ ከልክ በላይ ያስጨንቀዋል? ከትልልቅ ሰዎች ጋር አሳምሮ እያወራ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ያቅተዋል?

ያያችሁትን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የየካቲት 12 እና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። ከከተማው ውጭ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ሆስፒታል ጀምሩና ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። መስማቱንም አስመርምሩ፤ ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ አንዳንዴ ችግሩ ጆሮው ላይ ነው።

ኦቲዝም ከክትባት አይመጣም። ከእናት አስተዳደግም፣ ከእርግማንም አይደለም። አብሮት የተወለደ የአንጎል አሠራር ነው። ጠበል የምትወስዱት ከሆነ ውሰዱት፤ የሐኪም ቀጠሮና መድኃኒት ግን አታቋርጡ። ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚፈስበት፣ ሰው ሊጮኽ እንደሚችል፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይም አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳያውቅ ከገባ ለወራት የሚያስታውሰው ፍርሃት ይሆንበታል።

2. አንድ ገጽ ጻፉለት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህንን ሥሩ። 50 እና 60 ልጅ የሚያስተምር መምህር ረጅም የሕክምና ሪፖርት የሚያነብበት ጊዜ የለውም። አንድ ገጽ ግን ያነባል። እንዲህ አድርጉት፦

"ልጄ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አስፐርገር የሚባል የኦቲዝም ዓይነት አለበት።
ጎበዝ የሆነበት፦ ሒሳብ፣ ንባብ፣ ካርታ።
የሚከብደው፦ ድንገተኛ ድምፅ፣ የፕሮግራም ለውጥ፣ በእጁ ብዙ መጻፍ።
ሊከፋው ሲል የሚያሳየው፦ ጆሮውን ይይዛል፣ አንድ ቃል ይደጋግማል።
ያን ጊዜ የሚረዳው፦ 5 ደቂቃ ጸጥ ያለ ቦታ። አይንኩት፤ ጥያቄም አያብዙበት።
የሚያባብስበት፦ ጩኸት፣ በልጆች ፊት መቆጣት፣ 'ዓይን ዓይኔን እየኝ' ብሎ ማስገደድ።
ስልካችን፦ ..."

ጉድለቱን ብቻ አትዘርዝሩ። መምህሩ ልጁን መጀመሪያ የሚያውቀው በዚህች ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ጎበዝ የሆነበት ከላይ ይሁን። ወረቀቱን ለሆምሩም ቲቸሩ፣ ለዩኒት ሊደሩና በየትምህርቱ ለሚገቡት መምህራን ስጡ። በሩ ላይ ለሚቆመው ጥበቃና ለሰርቪሱ ረዳትም በቃል ንገሯቸው። ልጁ ተረብሾ ወደ በሩ ሲሮጥ መጀመሪያ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ላይ አድሱት።

3. ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማሙ

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት አጥተው ነው። እሳቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም ማዕከሉ በርካታ ቤተሰቦችን ረድቷል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት የተነሳ ነው። አስፐርገር ያለበት ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ክፍል ውስጥ መማር ይችላል። የመንግሥት የአካቶ ትምህርት አቅጣጫም ይህንኑ ይደግፋል።

ብዙ ወላጅ "ከነገርኳቸው አይቀበሉትም" ብሎ ይደብቃል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እውነትም አንዳንድ ትምህርት ቤት ይህን ሲሰማ "ቦታ የለንም" ይላል። ቢሆንም ንገሯቸው እላለሁ። የተደበቀው ነገር በሁለተኛው ወር መውጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ልጁ "ባለጌ" የሚል ስም ወጥቶለት ይቆያችኋል። ስም ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ስትመርጡ ስለ ሕንፃው አትጨነቁ። ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ። ልጁ ሲረበሽ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ዳይሬክተሩ ስለ ሌሎች እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ሲያወራ ድምፁን አድምጡ። "እዚህ ሁሉም እኩል ነው የሚታየው" ከሚል ትምህርት ቤት ይልቅ "እስቲ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ንገሩን" የሚለው ይሻላል።

ሻዶው ቲቸር፣ ማለትም ክፍል ውስጥ ልጁን ብቻ የምትረዳ መምህርት፣ መቅጠር የምትችሉ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው። ሻዶውዋ ከልጁ ጎን ተለጥፋ መልሱን የምትነግረው ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ያመዝናል። ሥራዋ ቀስ በቀስ መራቅ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር፣ በመጨረሻ በዕረፍት ሰዓት ብቻ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የልዩ ትምህርት ሕጉ ለልጃችሁ ነፃ ምርመራና፣ ድጋፉ እንደሚገባው ከተረጋገጠ፣ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ የማግኘት መብት ይሰጣል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ኢሜይልም ይበቃል። ቅጂውን ያዙ። ስብሰባው ላይ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ያልገባችሁን ወረቀት እዚያው አትፈርሙ፤ "ቤት ወስጄ ላንብበው" ማለት ይቻላል። "አማርኛ ስለምታወሩለት ነው የተደናገረው" ቢሏችሁም አትቀበሉ። በሁለት ቋንቋ ማደግ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም። አያቱን የሚያናግርበትን ቋንቋ አትንጠቁት።

4. ቀኑን አስቀድሞ ይወቀው

ማታ ላይ የነገውን ቀን በወረቀት ጻፉለት። ማንበብ ካልጀመረ በሥዕል አድርጉት። 12 ሰዓት መነሳት፣ 12፡20 ቁርስ፣ 1፡00 ሰርቪስ፣ 2፡00 ሰልፍ። ቀጥሎ የክፍለ ጊዜዎቹ ዝርዝር። ያለቀውን ራሱ ይሰርዝ። ለውጥ ካለ በሌላ ቀለም ጻፉት። "ዛሬ ስፖርት የለም፤ መምህሩ ታመዋል" የሚል አንድ መስመር የአንድ ሰዓት ለቅሶ ያስቀራል።

ለውጥ የሚበዛባቸውን ጊዜያት ከወዲሁ ያዙ። የመስከረም መጀመሪያ፣ የፈተና ሳምንት፣ የወላጆች ቀን፣ ፈረቃ የሚቀየርበት ወር። ጾም ሲገባም የምሳ ዕቃው ይለወጣል፤ ምግብ የሚመርጥ ልጅ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። የጾሙን ምግብ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ አቅምሱት። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ባዶውን ግቢ አሳዩት። ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ ውኃ የሚጠጣበትን። ብዙ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውለው መጸዳጃው ስለሚሸተውና ስለሚጮኽበት ነው። ለማንም አይናገርም።

ሰልፍ ላይ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ እንዲቆም ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ከፊት፣ ከግድግዳ በኩል ይቀመጥ። ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ መሐል ከሆነ በሁለት በኩል ይነካካል፤ ጠርዝ ላይ ይሁን። ዩኒፎርሙ የሚኮሰኩሰው ከሆነ ከውስጥ ለስላሳ ካናቴራ አልብሱት። ከካናቴራው በቀር ይህ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም።

5. በቀጥታ ተናገሩት

አማርኛችን በተዘዋዋሪ መናገር ይወዳል። መምህሩ "ስንት ጊዜ ልንገርህ?" ሲለው ልጁ ቆጥሮ "ሦስት" ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ መምህሩ ተሰደብኩ ይላል። ልጁ ግን የተጠየቀውን ነው የመለሰው። "ደብተርህን ብታወጣ ምን አለበት?" የሚለውም ለእሱ ጥያቄ ነው። "ደብተርህን አውጣ" በሉት። አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ። "አትሩጥ" ከማለት "በእግርህ ቀስ ብለህ ሂድ" የሚለው ይገባዋል። ከተናገራችሁ በኋላ እስኪገባው ጥቂት ሰከንድ ጠብቁት።

ፈሊጦቹን ግን አትደብቁበት። ቤት ውስጥ ደብተር ይኑራችሁ። "ጆሮ ዳባ ልበስ አለ" ማለት እየሰማ እንዳልሰማ ሆነ ማለት ነው ብላችሁ አስጽፉት። ብዙዎቹ ልጆች ይህን መሰብሰብ ይወዳሉ። በኋላም ቀልድ ሲቀለድ ይጠቅማቸዋል።

ማኅበራዊውን ደንብም እንዲሁ ንገሩት። እንግዳ ሲመጣ ተነስ፣ ሰላም በል፣ እጅህን ስጥ። መሳም ካልፈለገ እጅ መስጠት ይበቃል፤ ዘመዶችን እናንተ አስረዱ። ጉርሻም አትጫኑበት።

6. ሲፈነዳ

ተረብሾ የሚጮኽን ልጅ ካጠፋ ልጅ ለዩ። የሚያጠፋ ልጅ እያያችሁት እንደሆነ ለማወቅ ዘወር እያለ ይመለከታል፤ የፈለገውን ሲያገኝም ያቆማል። የፈነዳው ልጅ የፈለገውን ብትሰጡትም አያቆምም። ጭንቅላቱ የሚችለውን አልፏል። ያን ጊዜ ምክር አይገባውም። ድምፃችሁን ቀንሱ፤ የሚያዩትን ልጆች አርቁ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰዱትና ዝም ብላችሁ አጠገቡ ሁኑ። ከተረጋጋ ቆየት ብላችሁ ምን እንደቀደመ ጠይቁ፤ ጻፉትም። ጥቂት ጊዜ ከጻፋችሁ መንስኤው ይገለጥላችኋል። ደወል፣ ረሃብ፣ የተሰረዘ ክፍለ ጊዜ፣ ከጀርባ የሚጎነትል ልጅ።

ማንበርከክ፣ መቆንጠጥ፣ በማስመሪያ መምታት ለማንም ልጅ አይሆንም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ይህ ልጅ ደግሞ ለምን እንደተመታ ስለማይገባው የሚማረው ፍርሃት ብቻ ነው። መምታት እንዳለ ከሰማችሁ በትህትና ሂዱ፤ ሕጉን ግን ጥቀሱ።

7. ጽሕፈትና ፈተና

ብዙዎቹ እርሳስ መያዝ ይከብዳቸዋል። በቃል ሁሉንም የሚመልስ ልጅ ከሰሌዳ ገልብጦ አይጨርስም። መምህሩ ኖቱን ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ወይም የሌላ ልጅ ደብተር ኮፒ እንድታደርጉ ጠይቁ። የቤት ሥራው 20 ጥያቄ ከሆነና 8ቱን በትክክል ከሠራ በቂ እንዲሆን ተስማሙ። ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ይህን አስጽፉ፤ በቃል የተባለ ይረሳል።

ሥራውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሉለት። "አጥና" የሚለው ለእሱ ምንም አይልም። "ከገጽ 14 እስከ 16 አንብብ፣ 3 ጥያቄ ጻፍ፣ ከዚያ ታርፋለህ" ይገባዋል። ከትምህርት ቤት እንደገባ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማንም አይጠይቀው። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲቆጣጠር ነው የዋለው።

8. ጓደኛ፣ ፌዝ፣ ስለ ራሱ መንገር

ብዙ ጓደኛ አያስፈልገውም። አንድ ይበቃዋል። እሱ የሚወደውን የሚወድ አንድ ልጅ ፈልጉና ቅዳሜ ቤት ጥሩት። ለአንድ ሰዓት፣ አብረው የሚሠሩት ነገር ተዘጋጅቶ። ሲያልቅ በጊዜው ያብቃ። በቡድን ሥራ ላይም መምህሩ ተማሪዎቹን "ተመራረጡ" ከማለት ይልቅ ራሱ ይመድባቸው፤ የልጁንም ድርሻ ለይቶ ይንገረው።

ፌዝ ይኖራል። ልጁ ደግሞ የሚያሾፉበትን ጓደኞቼ ብሎ ሊያስብ ይችላል። "ዛሬ ማን ምን አለህ?" ከምትሉት "ዕረፍት ላይ የት ነበርክ? ምሳህን ማን በላው?" ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘቡ ወይም ምሳው በየቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ሂዱ።

ስለ ራሱ ሌላ ሰው ሳይነግረው እናንተ ንገሩት። 9 ወይም 10 ዓመት ሲሆነው ብዙዎቹ "እኔ ለምንድነው እንዲህ የሆንኩት?" ማለት ይጀምራሉ። በቀላሉ ንገሩት፦ "አንጎልህ ነገሮችን በሌላ መንገድ ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ካርታ የማይረሳህ። ለዚህ ነው ጩኸት የሚያምህ። ስሙ ኦቲዝም ይባላል። እንደ አንተ ያሉ ብዙ ሰዎች አሉ።" ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ ጭንቀትና ድብርት በእነዚህ ልጆች ላይ ከእኩዮቻቸው ይልቅ እንደሚበዛ እወቁ። እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደውን ነገር ከተወ፣ ስለ መሞት ካወራ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

9. የሚወደውን ነገር አትንጠቁት

አውቶቡስ ይሁን፣ ባቡር፣ ፕላኔት ወይም የዘመን አቆጣጠር። "ይበቃል፣ ሌላ ነገር አውራ" እያላችሁ አታሸማቅቁት። ሒሳቡን በአውቶቡስ አስተምሩት፤ ከመገናኛ ፒያሳ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ብር። የጾምና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚወድ ልጅ ማካፈልንና ቀሪን በዚያው ይማራል። የሚያወራበትን ሰዓት ግን ወስኑ፤ "አሁን 10 ደቂቃ፣ ከራት በኋላ 20 ደቂቃ"። እንዲህ ሲሆን እሱም ሌላውን ማዳመጥ ይለምዳል። ከዚህ ፍቅር ነው ብዙ ጊዜ ሙያው የሚወጣው።

10. የ12ኛ ክፍል ፈተናና ግቢ

ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። ለዚህ ልጅ ፈተናው ከጥያቄው በፊት ይጀምራል። የማያውቀው አልጋ፣ የማያውቀው ምግብ፣ አብረውት የሚተኙ የማያውቃቸው ልጆች። ስለዚህ ዝግጅቱን ከዓመት በፊት ጀምሩ። አጎቱ ቤት ሄዶ ይደር። በወረፋ ይብላ። የራሱን ልብስ ይጠብ። ምዝገባው ሲደረግ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ከሕክምና ወረቀቱ ጋር ለትምህርት ቤቱ አሳውቁ፤ በፈተናው ሳምንት ማንም አይሰማችሁም። ምን ይዞ መግባት እንደሚፈቀድና እንደሚከለከል በዝርዝር አስጠኑት። የጆሮ መድፈኛ ለሌሊት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቁ።

ዩኒቨርሲቲ ከደረሰው፣ መጀመሪያው ሳምንት ላይ አብራችሁት ሂዱና የልዩ ፍላጎት ጉዳዮችን የሚከታተለውን ክፍል ፈልጉ። ካልደረሰው ደግሞ ቴክኒክና ሙያን አትናቁ። እጁና ዓይኑ ዝርዝር የሚወድ ልጅ በኤሌክትሮኒክስ፣ በስፌት፣ በአካውንቲንግ አንደኛ የሚሆንበት ቦታ አለ።

11. ሥራ

ቤት ውስጥ የሚለመደው ከቀለም ትምህርቱ እኩል ነው። ታክሲ ብቻውን መያዝ፣ "ወራጅ አለ" ማለት፣ መልስ መቁጠር፣ ወጥ መሥራት፣ ጠዋት በራሱ መነሳት። ሁሉንም በደረጃ ጻፉለት፣ አብራችሁት ሞክሩ፣ ከዚያ ራቁ። እናቶች ሆይ፣ "እሱ አይችልም" እያላችሁ ሁሉን አትሥሩለት።

በክረምት ዘመድ ሱቅ ወይም ቢሮ ውስጥ ለአንድ ወር ይሥራ። ቃለ መጠይቅን ደጋግማችሁ አለማምዱት። "ስለ ራስህ ንገረን" ሲባል ከልደቱ ይጀምራል። የሦስት ዓረፍተ ነገር መልስ አዘጋጁለት። የሚቻል ከሆነ ቀጣሪው ከቃለ መጠይቅ ይልቅ በሥራ ናሙና እንዲፈትነው ጠይቁ፤ እዚያ ነው የሚታየው።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪው ሥራውን እንዲያመቻች ይጠይቃል። ልጁ ሥራ ሲይዝ የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ ወይም በቴሌግራም ይምጣለት። አንድ አለቃ ይኑረው፤ አምስት ሰው አይዘዘው። ከበሩና ከጫጫታው የራቀ ወንበር ያግኝ። ቡና ላይ ባይቀመጥ ኩሩ እንዳይባል ለአንድ የሥራ ባልደረባው አስቀድሞ ይንገር። በየሳምንቱ ዓርብ ደግሞ አለቃውን "ምን ላስተካክል?" ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፍ። ስህተቱን በፊት ለፊት የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ከሥራው ሊሰናበት ይችላል።